የአስማተኛውን ጉዳት ከመጨመርህ በፊት

ወንድሜ፣ ራስህ ባዘጋጀኸው የአርፒጂ (እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ የሚጫወተው ጨዋታ) ደንብ ስትጫወቱ ጦረኛው ጠላቱን ሁሉ ሲጨርስ አስማተኛው የበይ ተመልካች እንደሚሆን ጽፈሃል። ጦረኛው ሰይፉን ያለ ገደብ ያነሳል፤ አስማተኛው ግን እስኪያርፍ ድረስ ያለው 4 ድግምት ብቻ ነው። ጥያቄህ "ድግምቱ ጠላት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እጥፍ ላድርገው ወይስ ሚዛኑን የምፈትሽበት ሌላ መንገድ አለ?" የሚል ነው። ለዓመታት የራሴንም የሰውንም ደንብ ስፈትሽ ስለቆየሁ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ጉዳቱን ለጊዜው አትንካው።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ በአንዱ እረፍትና በሚቀጥለው መሃል ስንት ውጊያ እንደምታስገባ ነው። ቁጥር እናስገባበት። ድግምት በአማካይ 12፣ ሰይፍ 6፣ ድግምቱ ያለቀበት አስማተኛ የሚወረውረው ጩቤ 2 ይጎዳል እንበል፤ ሁሉም ይመታል፣ አንድ ውጊያም 3 ዙር ይፈጃል። ውጊያው አንድ ብቻ ከሆነ አስማተኛው 36፣ ጦረኛው 18 ያደርሳል። ሁለት ከሆነ 52 ለ36። ሦስት ሲሆን 58 ለ54 ነው፤ ተቀራረቡ። አራት ሲሆን 64 ለ72 ሆኖ ጦረኛው ይቀድማል፤ ስድስት ብታደርሰው 76 ለ108። ከደንቡ አንዲት ፊደል ሳትቀየር ሚዛኑ ተገለበጠ። አሁን ድግምቱን 24 ብታደርገው፣ አንድ ውጊያ ብቻ ባለበት ቀን አስማተኛው 72 ሲያደርስ ጦረኛው እዚያው 18 ላይ ይቀራል። ተመልካቹ በተራው እሱ ይሆናል።

ስለዚህ ቡድንህ መቼ መቼ እንደሚያርፍ ቁጠር። ተጫዋቾች ከተፈቀደላቸው ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ይተኛሉ። ጊዜ የሚያሳጥርባቸው ነገር ደንቡ ውስጥ ከሌለ የቀኑን ርዝመት የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ከቀኑ ጋር ሚዛኑንም።

የዳይሱን (ዕድል ለመወሰን የሚጣለውን ባለ ቁጥር ጠጠር) ሂሳብ ደግሞ ሰው ሳትሰበስብ ብቻህን ሥራው። በባለ 20 ገጽ ዳይስ በወጣው ቁጥር ላይ +1 መጨመር ማለት የመምታት ዕድሉን በ20 ውስጥ በአንድ፣ ማለትም በ5 በመቶ ከፍ ማድረግ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ግን አይበቃም። ለመምታት 11 ወይም ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ካራክተር (ተጫዋቹ የሚመራው ገጸ ባሕርይ) ከ20 ዕድል 10 የነበረው 11 ይሆንለታል። 19 የሚያስፈልገው ግን 2 የነበረው 3 ሆነለት፤ ምቱ በግማሽ ጨመረ። በሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ልዩነቱ ይብሳል፦ 7 የሚፈልግ ሰው ከ36 ዕድል 21 የነበረው 26 ይሆናል፣ 11 የሚፈልግ ግን ከ3 ወደ 6 እጥፍ ያድጋል። "ትንሽ ጉርሻ ነች" ብለህ የሰጠኸው አስማታዊ ሰይፍ ከባድ ጠላት ፊት ትንሽ አይደለም።

ይህን ሁሉ ወረቀት ይነግርሃል። ወረቀት የማይነግርህ ሰው ምን እንደሚመርጥ ነው፤ ለእኔ የፍተሻው ልብ ያለው እዚህ ነው። በጨዋታው መጨረሻ "ደስ አላችሁ?" ብለህ አትጠይቅ፣ ጓደኞችህ ስለሆኑ አዎ ይሉሃል። ይልቅ እየተጫወታችሁ ማን ተራው ሲደርስ ሳያስብ ያንኑ ነገር እንደሚደግም፣ ማን ስልኩን እንዳነሳ፣ የትኛውን ደንብ ፍለጋ ጨዋታው እንደቆመ ጻፍ። ከዚያ አስማተኛውን "በዚያኛው ዙር ሌላ ምን ልታደርግ አስበህ ነበር?" በለው። "ሌላ ምን ነበረኝ?" ካለህ የጎደለው ጉዳት ሳይሆን ምርጫ ነው። ድግምቱ ሲያልቅበት ጠላትን የሚያዘገይበት፣ ጓደኛውን የሚከልልበት አንድ ነገር ብትሰጠው ቁጥሩ ሳይነካ ጨዋታው ይቀየራል። የሁለት ካራክተር ጉዳት እኩል ሆኖ አንዱ ሲሰለች፣ ጉዳታቸው ተራርቆ ሁለቱም ወንበራቸው ጫፍ ላይ ሲቀመጡ አይቻለሁ። የሁሉም ተራ ትርጉም ካለው ሚዛኑ ደህና ነው እላለሁ፤ በዚህ የማይስማሙ እንዳሉ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀይረህ እንደገና ተጫወቱ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። ደንብ ማጣመም የሚወድ ጓደኛ ካለህ ደግሞ "በተቻለህ መጠን ስበርልኝ" ብለህ ስጠው፤ እንደሱ ያለ ሰው ለፈታሽ ወርቅ ነው።

በመጨረሻ ጽሑፉን ለማያውቁህ ሰዎች ስጥና አንተ ዝም ብለህ ተመልከት፣ ወይም ጭራሽ አትሂድ። አንተ ጌም ማስተር (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) ስትሆን የደንቡን ቀዳዳ በአፍህ እየደፈንክ ነው የምታጫውተው። ታዋቂው አርፒጂ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንኳ 5ኛ እትሙ በ2014 እ.ኤ.አ. ከመውጣቱ በፊት ረቂቁ ከ2012 ጀምሮ ለሕዝብ ተሰጥቶ፣ ሰዎች በየራሳቸው ጠረጴዛ እየተጫወቱ አስተያየት ሲልኩ ነበር።

ብቻውን ቡድኑን የሚገጥመውን አለቃ ጭራቅ እንዴት እንደምታከብደው ስላነሳህ፦ አራት ሰው በዙር አራት ጊዜ ሲንቀሳቀስ እሱ አንዴ ብቻ ከተንቀሳቀሰ የሕይወት ነጥቡን ብታበዛለት ውጊያው ይረዝማል እንጂ አይከብድም። ተጨማሪ እንቅስቃሴ ስጠው ወይም ረዳቶች አሰልፍለት።

ለሚቀጥለው ጨዋታ ጉዳቱን ሳትነካ በእረፍቶች መሃል የገቡትን ውጊያዎች፣ አስማተኛው በስንተኛው ላይ ድግምት እንዳለቀበትና ከዚያ በኋላ ተራው ሲደርስ ምን እንዳደረገ ብቻ መዝግብ። እሱን ይዘህ ና፣ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን።