ቦታውን ልተወው ወይስ ልግባ?

ሕክምና ለመማር ተቀብለውሽ «ትቼው በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ቦታ ልሞክር?» ላልሽው፣ እኔ ብሆን አልተወውም። እንደገና ስታመለክቺ ከዜሮ ነው የምትጀምሪው። አምና አልፋ ነበር ብሎ ወንበር የሚያስቀምጥልሽ የለም። የመግቢያ ፈተና ውጤትም ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ «ለምን ተውሽው?» መባሉ አይቀርም። «የትምህርት ቤቱ ስም ስላልማረከኝ» ብትዪ አለቀልሽ።

ምክንያትሽ ስሙ ብቻ ከሆነ ግቢ። ሐኪሜን የት ተማርሽ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ አንቺስ?

ትምህርት ቤቱ እውቅና ከሌለው ወይም ክፍያው መውጫ የሌለው ዕዳ ውስጥ የሚከትሽ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የቤተሰብ ወይም የጤና ችግር ከሆነ ደግሞ፣ ከመተውሽ በፊት ለ1 ዓመት እንዲያቆዩልሽ ጠይቂ። አንዳንዶቹ ይፈቅዳሉ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ።