ሌንስተር ከመንስተር፦ ከጨዋታው በፊት የትኛው ቁጥር ይታመናል?

የአየርላንዶቹ የራግቢ ቡድኖች ሌንስተርና መንስተር ሊገናኙ ሲሉ የቁጥር ሰንጠረዥ ይዘንባል። የኳስ ቁጥጥር በመቶኛ፣ የታክል (ኳስ የያዘን ይዞ መጣል) ብዛት፣ ኳስ ይዞ የተሮጠ ሜትር፣ ያለፉት አምስት ጨዋታዎች ውጤት። ከዚያ ጥያቄው ይጎርፋል። እኔ ይህን ደርቢ ለዓመታት ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ነው የማየው። ቤተሰቦቼ ይስቁብኛል፣ ይሁን። የተጠየቅኩትን ሰብስቤ ልመልስ። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ለራግቢ አዲስ ነኝ። እነዚህ ሁለቱ እነማን ናቸው? ለምንስ እንዲህ ይጠላላሉ?

አየርላንድ አራት የፕሮፌሽናል ራግቢ ቡድኖች አሏት። ስማቸውን የወሰዱት ከአገሪቱ አራት ጥንታዊ ግዛቶች ነው። ሌንስተር መቀመጫው ደብሊን ነው። መንስተር ደግሞ ሊምሪክና ኮርክ። የቀሩት አልስተርና ኮናክት ናቸው።

መጠላላት የሚለው ቃል ትንሽ ይከብዳል። ቅዳሜ ሲደባደቡ የዋሉት ሰዎች ከሳምንታት በኋላ የአየርላንድን አረንጓዴ ማሊያ ለብሰው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርም አለ። ታይግ በርን ያደገው በሌንስተር አካዳሚ ነው፤ በዌልሱ ስካርሌትስ በኩል ዞሮ በ2018 መንስተር ገባ። ደቡብ አፍሪካዊው አር ጂ ስናይማን ደግሞ በ2024 ከመንስተር ወደ ሌንስተር ሄደ። ግን ዋንጫ ላይ ሲመጣ ዝምድና የለም። መንስተር የአውሮፓን ዋንጫ በ2006 እና በ2008 ወሰደ። ሌንስተር በ2009፣ በ2011፣ በ2012 እና በ2018። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ የኖሩ ናቸው። ንዴቱም ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሰንጠረዡ ሲወጣ ዓይኔ መጀመሪያ የት ይረፍ?

ወደ 22 ሜትር መስመር መግባት የሚለው ላይ። እያንዳንዱ ቡድን ከጎሉ መስመር 22 ሜትር ርቆ የተሰመረ መስመር አለው። ተጋጣሚ ኳስ ይዞ ከዚያ መስመር ውስጥ ስንት ጊዜ ገባ? በገባ ቁጥርስ ስንት ነጥብ ይዞ ወጣ? እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከቀሩት ሁሉ የበለጠ ይናገራሉ።

በምሳሌ ላሳይ። አንዱ ቡድን 12 ጊዜ ገብቶ 18 ነጥብ አገኘ እንበል። በአንድ ግባት 1.5 ነጥብ ማለት ነው። ሌላው 7 ጊዜ ብቻ ገብቶ 21 ነጥብ ሰበሰበ። በአንድ ግባት 3። ጨዋታውን ያየ ሰው "የመጀመሪያው ቡድን ሲያጠቃ ዋለ" ይላል። ውጤቱ ግን 21 ለ 18 ነው፣ አጥቂው ተሸንፏል። የእኔ የግል መለኪያ፦ ከ3 በላይ ከሆነ ቡድኑ ስለቱ ላይ ነው። ከ2 በታች ከወረደ እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

ምን እንደተበላሸ ለማወቅ ላይን አውትን እዩ። ላይን አውት ማለት ኳስ ከሜዳ ስትወጣ ፎርዋርዶቹ (ከፊት የሚጋፉት ስምንት ተጫዋቾች) ሁለት ሰልፍ ሠርተው፣ አንዱን ወደ ላይ አንስተው የሚሻሙባት ነገር ናት። ሰንጠረዡ "88 በመቶ ተሳክቷል" ይላችኋል። ደስ ይላል። ግን የጠፉት ሁለቱ የት ጠፉ? መሀል ሜዳ ላይ ከሆነ ግድ የለም። ከተጋጣሚ ጎል መስመር 5 ሜትር ላይ ከሆነ ግን ሁለት ትራይ (ኳሷን ከጎል መስመሩ ማዶ መሬት ማስነካት)፣ ማለትም እስከ 14 ነጥብ፣ በአየር ላይ ቀረ ማለት ነው። ይህን ሰንጠረዡ አይነግራችሁም። ለዚህ ነው ደብተር የምይዘው።

ጥያቄ፦ የኳስ ቁጥጥር 60 በመቶ ያለው አያሸንፍም እንዴ?

ከእግር ኳስ የመጣ ልማድ ነው። በራግቢ ኳስ መያዝ አድካሚም አደገኛም ነው። በራሳችሁ ሜዳ 15 ጊዜ ተጋጭታችሁ 10 ሜትር ካልሄዳችሁ፣ በ16ኛው ኳሷን ትነጠቃላችሁ ወይም ቅጣት ይነፋባችኋል። አውቀው ኳሱን በእግር መትተው ለተጋጣሚ የሚሰጡ ቡድኖች አሉ። "እንካ፣ አንተ ተሳሳት" ነው ነገሩ። በተለይ ዝናብ ካለ።

ጥያቄ፦ አንድ ተጫዋች 20 ታክል ሠራ ሲባል ጀግና ነው ማለት ነው?

ጀግናም ሊሆን ይችላል። ቡድኑ ቀኑን ሙሉ ኳስ አጥቶ ሲከላከል ውሏል ማለትም ነው። ብዛቱን ተዉት፣ ያመለጡትን ቁጠሩ። እሱም ቢሆን ማስተዋል ይፈልጋል። ከደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሳው አሰልጣኝ ዣክ ኒናበር ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሌንስተር ውስጥ ይሠራል። ተከላካዮቹ ከመስመራቸው ተወንጭፈው እንዲወጡ ያደርጋል። እንዲህ የሚከላከል ቡድን ብዙ ታክል ይስታል። ግን የተጋጣሚን አሳሳቢ ኳስም ገና በእጅ ሳለች ያበላሻል። ስለዚህ የሁለቱን ቡድኖች የሳቱትን ታክል አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ መፍረድ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ስለ ቅጣት ምት ደጋግመህ ታነሳለህ። 3 ነጥብ ብቻ አይደለችም?

ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር! የተቀጣው ቡድን ላይ ሦስት ዓይነት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛ፣ ቅርብ ከሆነ ተመትታ 3 ነጥብ ትሆናለች። ሁለተኛ፣ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ኳሷን ወደ ማዕዘን አካባቢ መትቶ ማስወጣት ይቻላል፤ የላይን አውቱን ኳስ የሚወረውረውም ያው የመታው ቡድን ነው። አንዲት ፉጨት 40 ሜትር ታሻግራለች። ከዚያ ስምንቱ ፎርዋርዶች ኳስ የያዘውን ከበው እየገፉ ይገባሉ፤ ሞል ይሉታል። ትራይ ከሆነ 5 ነጥብ፣ ኮንቨርሽኑ (ከትራይ በኋላ የሚመታው ምት) ከገባ 7። ሦስተኛ፣ ዳኛው ሲሰለቸው ቢጫ ካርድ ይመጣል፤ ተጫዋቹ ለ10 ደቂቃ ይወጣል።

ሌንስተር 3 ነጥቡን ትቶ ማዕዘኑን የመምረጥ ልማድ አለው። ደጋፊው አንዳንዴ ያብዳል። ስለዚህ መንስተር በዚህ ደርቢ ከ10 በላይ ቅጣት ከሰጠ እኔ ብዙ ተስፋ አላደርግለትም። ደርቢ ላይ ደግሞ የሁለቱም ቁጥር ከወትሮው ይወጣል፣ ሰው ይሞቀዋላ።

ጥያቄ፦ ያለፉት ግንኙነቶች ውጤትስ? ሌንስተር ሰሞኑን የበላይነት አለው ይባላል።

እዚህ ጋ ትንሽ ልዘግይ። ያቃጠለኝ ቁጥር ይኸው ነው።

2009ን ውሰዱ። የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ግንቦት 2፣ ክሮክ ፓርክ፣ 82,208 ተመልካች። ለክለብ ራግቢ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። መንስተር ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ነው። በዚያው የውድድር ዘመን ሌንስተርን በሊጉ ሁለት ጊዜ አሸንፎታል። ከ3 ዓመት በፊት ደግሞ እዚያው ደብሊን፣ በዚሁ የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ 30 ለ 6 ቀጥቶታል። የዚያን ቀን የመንስተሩ ሮናን ኦጋራ ትራይ አስቆጥሮ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ዘሎ ደጋፊው መሀል ገባ። ታዲያ ማን የሌንስተርን ስም ይጥራ? እኔም በሰፊው መንስተር ብዬ ተወራረድኩ።

የሌንስተር አጫዋች ፊሊፔ ኮንቴፖሚ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎድቶ ወጣ። በቃ አልቋል አልን። ጆናታን ሴክስተን የሚባል የ23 ዓመት ልጅ ገባ። የመጀመሪያ ሥራው ቅጣት መምታት ነበር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሞ መታት፣ ገባች። በሁለተኛው አጋማሽ የኦጋራን ቅብብል የሌንስተሩ ብራያን ኦድሪስኮል መሀል ላይ ጠልፎ ብቻውን እስከ ጎሉ ሮጠ። 25 ለ 6። ደብተሬ ላይ እንዲህ ይላል፦ 3 ትራይ 15፣ 2 ኮንቨርሽን 4፣ 1 ቅጣት 3፣ 1 ድሮፕ ጎል (ኳሷን መሬት አስነክቶ ወደ ጎሉ መምታት) 3። የመንስተር ደግሞ 2 ቅጣት፣ አለቀ።

በ2011 ነገሩ ተገለበጠ። ሌንስተር በካርዲፍ በአውሮፓ ፍጻሜ በእንግሊዙ ኖርዝሃምፕተን 22 ለ 6 እየተመራ እረፍት ወጥቶ፣ ተመልሶ 33 ለ 22 አሸነፈ። ልክ በሳምንቱ ወደ ሊምሪክ ሄዶ በሊጉ ፍጻሜ በመንስተር 19 ለ 9 ተሸነፈ። የአውሮፓ ሻምፒዮን ከሆነ ገና ሰባት ቀኑ ነው።

የ2023ቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሌንስተር በሊጉ አንደኛ፣ መንስተር አምስተኛ። ግማሽ ፍጻሜ በደብሊን። ሌንስተር 15 ለ 13 እየመራ 77ኛው ደቂቃ ላይ የመንስተሩ ጃክ ክራውሊ ኳሷን መሬት አስነክቶ መታት። ድሮፕ ጎል። 16 ለ 15። መንስተር ከዚያ ኬፕታውን ሄዶ ስቶርመርስን 19 ለ 14 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሌንስተር ግን በዚያ ቀን ብዙ ዋና ተጫዋቾቹን አላሰለፈም ነበር፤ በሳምንቱ የአውሮፓ ፍጻሜ ነበረው። "ሌንስተር 15፣ መንስተር 16" የሚለው ቁጥር ይህን አይናገርም። ያለፉ ግንኙነቶችን ስትቆጥሩ ማን ተሰልፎ እንደነበር ካልጻፋችሁ የቆጠራችሁት ማሊያ ነው።

ጥያቄ፦ ሜዳውስ? ቶመንድ ፓርክ የተለየ ነው ይላሉ።

ነው። ከ25 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ነው የሚይዘው፣ ግን ጎል መቺ ሲዘጋጅ ዝም ይላል። የራሳቸውም ሆነ የተጋጣሚ መቺ ቢሆን፣ ሳል እንኳ ይሰማል። ለእንግዳው መቺ ዝምታው ከጩኸት ይብሳል። መንስተር ኒውዚላንድን 12 ለ 0 ያሸነፈው እዚያው ነው፣ ጥቅምት 31 ቀን 1978። በአውሮፓ ዋንጫም ከ1995 ጀምሮ እስከ ጥር 2007 ድረስ በዚያ ሜዳ አልተሸነፈም፤ ያስቆመው የእንግሊዙ ሌስተር ነው። ሌንስተር ግን ይህ ዝና ብዙም አያስፈራውም፣ እዚያ ሄዶ ብዙ ጊዜ አሸንፎ ተመልሷል።

ጨዋታው ክሮክ ፓርክ ከሆነ ሌላ ስሌት ነው። በጥቅምት 2024 ከ80 ሺህ ሰው በላይ ገብቶ ሌንስተር 26 ለ 12 አሸንፏል።

ጥያቄ፦ 10 ነጥብ እየተመራ፣ 2 ደቂቃ ሲቀረው ለ3 ነጥብ የሚመታ ቡድን አየሁ። ምን ነካው?

ምንም አልነካው፣ ሒሳብ ነው። በሊጉ ድል 4 ነጥብ፣ አቻ 2። ከዚህ ሌላ 4 ትራይና ከዚያ በላይ ያስቆጠረ 1 ተጨማሪ ያገኛል። በ7 ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት የተሸነፈም 1። ስለዚህ 24 ለ 14 እየተመራ 3ቱን መትቶ 24 ለ 17 ካደረገው አንድ ነጥብ ይዞ ይሄዳል። በውድድሩ መጨረሻ በዚያች አንዲት ነጥብ በሜዳው ለመጫወት የበቃ ስንት ቡድን አለ።

ጥያቄ፦ ካርድ አስቀድሞ ሊገመት ይችላል?

አይችልም። ሲመጣም ሁልጊዜ ጨዋታ አይገድልም። በ2001 የመጀመሪያው የሴልቲክ ሊግ (የዚሁ ሊግ የድሮ ስም) ፍጻሜ ላይ የሌንስተሩ ኤሪክ ሚለር ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ። ሌንስተር በ14 ሰው መንስተርን 24 ለ 20 አሸነፈ። ይህን ቀድሞ የሚነግር ሰንጠረዥ ካለ አሳዩኝ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዝም ብለህ ማን ያሸንፋል በለን!

ዝርዝሩ ሳይወጣ አልልም። የሁለቱ ቡድኖች ስም ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ከጨዋታው አንድ ቀን በፊት ይወጣል። የአየርላንድ ፌዴሬሽን ለብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ስንት ጨዋታ እንደሚጫወቱና መቼ እንደሚያርፉ ይቆጣጠራል። ስለዚህ ሌንስተር በስም የሚያስፈራ፣ በሜዳ ግን የወጣቶች ቡድን ሊሆን ይችላል።

ዝርዝሩ ሲወጣ እኔ የምጀምረው ከታች ነው፣ ከተጠባባቂዎቹ። ስምንት ናቸው። 5 ፎርዋርድና 3 ባክ (ከኋላ የሚሰለፉት) ከሆኑ የተለመደው ነው። 6 ለ 2 ከሆነ ግን አሰልጣኙ ከ50ኛው ደቂቃ በኋላ ትኩስ ጉልበት አስገብቶ ሊደቁስ አስቧል። ቀጥሎ የሁለቱን 10 ቁጥሮች፣ ማለትም ጨዋታ የሚመሩትን፣ አያለሁ። ከዚያ ነፋሱን።

ውርርድ ግን ከ2009 ወዲህ ትቻለሁ። ዝርዝሩ ሲወጣ ተመልሼ ግምቴን እጽፋለሁ፣ 6 ለ 2 ከሆነ ደግሞ ረዘም አድርጌ።