ምህንድስናና ቢዝነስ አብሮ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቢዝነስ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ልደርብ ወይስ ጥቂት ኮርሶችን በማይነር (ከዋናው ትምህርት ጎን በሚወሰድ አነስተኛ ዘርፍ) ልውሰድ?

መልስ፦ ማይነሩን እንመርጥልዎታለን፤ ድርብ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርቱን ዘመን ያራዝማል። ዋናው ችግር የኮርሶቹ ቅደም ተከተል ነው። ለአካውንቲንግ ቦታ ለመልቀቅ ካልኩለስን ቢያሸጋሽጉ በእሱ ላይ የሚመሠረቱት ዳይናሚክስ (የእንቅስቃሴና የኃይል ጥናት) እና የማሽን ዲዛይንም አብረው ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ካለ ዓመት ሙሉ ያስጠብቃል። ስለዚህ የምህንድስናውን ኮርሶች እስከ ምረቃ በወረቀት ያስፍሩ፣ ቢዝነሱን በክፍት ቦታው ያስገቡ። ስታቲስቲክስ ለሁለቱም እንደሚቆጠርልዎ አስቀድመው በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ከቢዝነሱ ፋይናንስን ያስቀድሙ። በ100,000 የተገዛ ማሽን ለ5 ዓመት በየዓመቱ 30,000 ቢያስገባ ትርፉ 50,000 ይመስላል፤ የየዓመቱ ገቢ በ10 በመቶ ወለድ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ ግን ትርፉ 13,700 ገደማ ብቻ ነው።