መልስ፦ የጤና ማበልጸግ ባለሙያዎች ማኅበር ዓመቱን ሙሉ ምን ይሠራል?

እህቴ፣ «ማኅበሩ ከዓመታዊ ጉባኤው ውጪ ምን ይሠራል? ሐዋሳ ሆኜስ አባልነቱ ምን ይጠቅመኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይጠቅምሻል፤ ከመዋጮው በላይ ጊዜሽን ከሰጠሽው ግን ነው።

ጉባኤ፣ ሥልጠና፣ የሙያ ፈቃድ ለማደስ የሚያስፈልገው ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና) የታወቁ ናቸው። እኔ ትልቁ የምለው ረቂቅ ሕግ ላይ አስተያየት መስጠትን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስን፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያን ከለከለ። ይህን የትኛውም ፖስተር አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የጤና ማበልጸግ ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የኦታዋ ቻርተርም፣ ከአምስቱ የሥራ መስኮች መጀመሪያ የጠቀሰው ፖሊሲን ነው።

ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርደሽ ተመልከቺ። ዓሣ አጥማጆቹ እስከ ጉልበታቸው ሐይቁ ውስጥ ቆመው መረብ ይጎትታሉ፤ ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ የሚገባው በዚያው በቆዳቸው በኩል ነው። «ውሃ ውስጥ አትግቡ» ብትያቸው እንጀራችሁን ተዉ ማለት ነው። አብሮ ተቀምጦ በሲዳምኛ መነጋገር፣ ሐይቁ ዳር መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ማዘጋጃ ቤቱን መወትወት፣ ምርመራውና የበሽታው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል እነሱ ያሉበት ድረስ እንዲመጣ ማድረግ፣ የእኛ ሙያ ይኼ ነው! አዲስ አበባ የሚታቀደው የዓመት ሥራ ውስጥ ይህ እንዲገባ የሚናገር የሐዋሳ ሰው ያስፈልጋል።

ከመመዝገብሽ በፊት ያለፈውን ዓመት የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ጠይቂ። ማኅበራት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በየዓመቱ ስለሚያቀርቡ፣ የለም ሊሉሽ አይገባም።