የቆየ የፍቅር ኮሜዲ፣ ከአያት እስከ ልጅ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከጎንደር የደረሱን አምስት ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙ የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ሰጥተናቸዋል፤ ጉዳዩም ቤተሰብ አብሮ ሊያያቸው የሚችሉ የቆዩ የፍቅር ኮሜዲ ፊልሞች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ጥቁርና ነጭ ፊልም ስከፍት ገና ሳይጀምር ስልካቸውን ያነሳሉ። «ሮማን ሆሊዴይ»ን ስከፍት ግን ትንሿ ልጄ ከቦታዋ አልተነሳችም፤ ሲያልቅም አለቀሰች። ይህን ያህል ዘመን ያለፈው ፊልም የሚይዘው በምኑ ነው?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ልጅዎን የያዛት በሁለቱ ሰዎች መካከል የቆመው ነገር ነው። አን ልዕልት ናት። ጆ ብራድሊ ደግሞ የቤት ኪራይ ያልከፈለ ጋዜጠኛ ነው፤ ከአጃቢዎቿ ያመለጠችውን ልዕልት ታሪክ ጽፎ ቢሸጥ ከዕዳው ይወጣል። ስለዚህ እሷ በሮም ጎዳና በሞተር ሳይክል እየበረረች ስትስቅ ጓደኛው በሲጋራ መለኮሻ ውስጥ በተደበቀ ካሜራ ፎቶ ያነሳታል። ተመልካቹ ይህን ያውቃል፣ እሷ አታውቅም። ሳቁና ሥጋቱ አብረው ስለሚሄዱ ትንሽ ልጅም ቋንቋውን ሳትሰማ ነገሩ ይገባታል።

ጥሩ የፍቅር ኮሜዲ ሁሉ እንዲህ ያለ በዓይን የሚታይ እንቅፋት አለው። ፍራንክ ካፕራ በ1934 በሠራው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» ውስጥ እንቅፋቱ ብርድ ልብስ ነው። ከአባቷ ቤት የኮበለለች የሀብታም ልጅና ሥራውን ያጣ ጋዜጠኛ በአንድ ክፍል ለማደር ይገደዳሉ። ሰውየው በሁለቱ አልጋዎች መካከል ገመድ ይወጥርና ብርድ ልብስ ይሰቅልበታል። በዚያች ሌሊት የሚነጋገሩት በዚያ ጨርቅ ግራና ቀኝ ሆነው ነው፤ ካሜራው ወዲህም ወዲያም ያሳየናል፣ እነሱ ግን አይተያዩም። በመጨረሻው ትዕይንት የሁለቱ ፊት ጭራሽ አይታይም። የማረፊያው ባለቤቶች ውጭ ቆመው ግራ ተጋብተዋል፣ የመጫወቻ ጥሩምባ ይሰማል፣ ብርድ ልብሱ ይወድቃል፣ መብራቱ ይጠፋል። ተጋብተው አብረው መሆናቸውን የሚነግረን ይኸው ብቻ ነው። ፊልሙ በምርጥ ፊልም፣ በዳይሬክተር፣ በወንድ ተዋናይ፣ በሴት ተዋናይ እና በድርሰት አምስቱን ታላላቅ የኦስካር ሽልማቶች በአንድ ጊዜ የወሰደ የመጀመሪያው ነው።

የዚህ ቁጥብነት ምንጭ የአሜሪካ ፊልም ኢንዱስትሪ ለራሱ ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ደንቡ የተጻፈው በ1930 ነው፤ ከ1934 አጋማሽ ጀምሮ ጠብቆ ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1968 ደግሞ ቦታውን ለዕድሜ ምደባ ለቀቀ። ደንቡ ጸሐፊዎቹን አሠልጥኗቸዋል፣ አይካድም። ነገር ግን የካፕራ ፊልም የወጣው ቁጥጥሩ ከመጥበቁ ከወራት በፊት በመሆኑ ብርድ ልብሱን የሰቀለው ሳንሱር ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም። ዋናው የእጅ ሙያ ነው። ቅኔ በሚዘረፍበት አገር ላደገ ሰው ይህ አያስገርምም፤ ወርቁን አድማጩ ራሱ ሲደርስበት ነው የሚጣፍጠው።

ልጅዎ ያለቀሰችው ደግሞ ፊልሙ ስላልዋሻት ነው። ሁለቱ አይጋቡም። ልዕልቲቱ በጋዜጠኞች ፊት ቆማ ከጎበኘቻቸው ከተሞች የትኛው እንደማረካት ስትጠየቅ የተጠናላትን ለሁሉም የሚስማማ መልስ ትጀምርና መሐል ላይ አቋርጣ ሮምን ትመርጣለች። ፎቶዎቹ ለመታሰቢያ ተብለው እጇ ይገባሉ። እሷ ከሄደች በኋላ ጆ በዚያ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ይራመዳል፤ ካሜራውም አይቸኩልም። ዛሬ ቢሠራ ሮጣ ተመልሳ እንድታቅፈው የሚያደርግ ፕሮዲዩሰር አይጠፋም ነበር፤ ፊልሙንም ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ በበዓል ማግስት ቤተሰቡ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል። አያታችን እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ዓይናቸውም ስለደከመ ሰብታይትል ማንበብ ያቅታቸዋል። የትኛውን ፊልም እንክፈት?
ከማራኪ

መልስ፦ ያለ ጥርጥር «ሲቲ ላይትስ»ን። ቻርሊ ቻፕሊን ይህን ፊልም በ1931 ያወጣው ድምፅ ያላቸው ፊልሞች ገበያውን ከያዙ ከዓመታት በኋላ ነው፤ እሱ ግን ንግግር አላስገባበትም፤ ያለው ሙዚቃና የድምፅ ውጤት ብቻ ነው። ርዝመቱ 87 ደቂቃ ነው። በመሐል ብቅ የሚሉት አጫጭር ጽሑፎች ጥቂት ስለሆኑ አንድ ሰው በአማርኛ ጮክ ብሎ ቢላቸው ይበቃል።

ለእማማ አስቀድማችሁ የምትነግሯቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አበባ ሻጯ ዓይነ ስውር ናት። የመኪና በር ሲዘጋ ስለሰማች ከፊቷ የቆመውን ድሃ ከመኪና የወረደ ሀብታም አድርጋ ትወስደዋለች። ይህ ካልተያዘ ቀሪው ታሪክ አይገባም፤ ከተያዘ ግን እስከ መጨረሻው፣ እጁን ዳብሳ ማንነቱን እስከምታውቅበት ድረስ፣ ማንም ማስረዳት አይኖርበትም።

ፊልሙን ከመጀመራችሁ በፊት የቴሌቪዥኑን ሪሞት አንሱና የምስሉን መጠን አስተካክሉ። የዚያ ዘመን ፊልም ስፋቱ ከቁመቱ ጋር 4 ለ 3 ያህል ነው፤ የዛሬ ቴሌቪዥን 16 ለ 9 ነው። ስለዚህ ግራና ቀኝ ጥቁር ቦታ መታየቱ ትክክል ነው። «ወርድ እንዲሞላ» ተብሎ ሲለጠጥ ፊቱ ሁሉ ያብጣል። «ዙም» ሲደረግ ደግሞ ከላይና ከታች በድምሩ የምስሉ ሩብ ይቆረጣል፤ የቻፕሊን ቀልድ ግማሹ ያለው እግሩ ላይ ስለሆነ እግሩን ቆርጣችሁ ለምን እንዳልሳቃችሁ ትገረማላችሁ።

ሁለተኛ ፊልም ካስፈለገ «ሮማን ሆሊዴይ» ይሁን፤ 118 ደቂቃ ነው። ለዚህ ተራኪ ያስፈልጋል። ተራኪው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ፊልሙንም አስቀድሞ ይየው። ቃል በቃል መተርጎም አይሞክር፤ ሁለቱ ከተነጋገሩ በኋላ ባለው ክፍተት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በስም ፈንታ «ልዕልቲቱ»፣ «ጋዜጠኛው»፣ «ባለ ጺሙ ፎቶ አንሺ» ቢል ለሚሰሙት ይቀላል። አብዛኛው ተራኪ የሚሳሳተው ቀልዱን ቀድሞ በመናገር ነው። ጋዜጠኛው ከድንጋይ በተቀረጸ ትልቅ ፊት አፍ ውስጥ እጁን ሲከትና እጅጌው ውስጥ ደብቆ ሲያወጣው ተራኪው ትንፍሽ አይበል፤ ሰው ይደንግጥ፣ ከዚያ ይሳቅ። ከጋዜጠኞቹ ጉባኤ ጀምሮም ከሁለትና ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ አያስፈልግም።

ቡናው ተቆልቶና ተወቅጦ ካበቃ በኋላ ፊልሙ ቢጀመር ይሻላል። «ሲቲ ላይትስ»ን ሙቀጫ አይረብሸውም፤ ሁለተኛውን ግን ይረብሸዋል።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ሰብታይትል አዘጋጅቼ በፍላሽ ቴሌቪዥን ላይ ስከፍተው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። በላፕቶፕ ደግሞ ይነበባል፣ ግን ከንግግሩ እየራቀ ይሄዳል። መብራትም መሐል ላይ ይሄዳል።
ከአራዳ

መልስ፦ ሳጥኑ የሚመጣው ቴሌቪዥኑ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስለሌለ ነው፤ የፋይሉ ጥፋት አይደለም። ቀላሉ መንገድ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም መክፈት ነው። ላፕቶፑም ላይ የተዘበራረቀ ምልክት ካያችሁ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱና «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ኢንኮዲንጉን፣ ማለትም ፊደሉ የሚቀመጥበትን ዘዴ፣ ዩቲኤፍ-8 አድርጉት። ላፕቶፕ ከሌለ ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ነው፦ ሃንድብሬክ በተባለው ቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ፊልሙን ክፈቱ፣ በሰብታይትል ገጽ የኤስአርቲ ፋይሉን (የሰብታይትሉን ፋይል) አስገቡ፣ «በርን ኢን» የሚለውን ምረጡ። ሙሉውን ከማሠራታችሁ በፊት ንግግር ያለበትን ሁለት ደቂቃ ብቻ አውጥታችሁ ቴሌቪዥኑ ላይ ሞክሩት። ፍላሹ ፋት32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ስለ መራቁ፦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል የሚቀድም ወይም የሚዘገይ ከሆነ ቪኤልሲ ላይ የጂ እና የኤች ቁልፎች በየጊዜው 50 ሚሊ ሰከንድ ያንቀሳቅሱታል፤ በዚያ ይስተካከላል። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚርቅ ከሆነ ግን ችግሩ የፍሬም ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ የሚያልፉት ምስሎች ብዛት፣ ነው። ከፊልሙና ከሰብታይትሉ አንዱ በሰከንድ 24 ሌላው 25 ፍሬም ሆኖ ተዘጋጅቷል፤ ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይደርሳል። ሰብታይትል ኤዲት በተባለው ነፃ ፕሮግራም የፍሬም ፍጥነቱን መለወጥ ነው፤ በቁልፍ እየገፉ መከታተል ድካም ብቻ ነው።

መብራትን በተመለከተ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተጻፈውን ዋት እዩ። 50 ዋት ቴሌቪዥንና 30 ዋት ድምፅ ማጉያ ለሁለት ሰዓት ፊልም 160 ዋት-ሰዓት ይፈልጋሉ። ባለ 12 ቮልት 40 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ከግማሽ በታች ሳይወርድ 240 ዋት-ሰዓት ይሰጣል፤ የባትሪውን ኃይል ለቴሌቪዥኑ እንዲሆን የሚለውጠው ኢንቨርተር የሚበላው ሲቀነስ 200 ያህል ይተርፋል። አንድ ፊልም ይዘልቃል፤ ሁለት አይዘልቅም።

ጥያቄ፦ ለቤተሰብ ይሆናል የተባለ የድሮ ፊልም ሁሉ ለልጆች ያለ ሥጋት ይከፈታል?
አባት፣ ከፒያሳ

መልስ፦ አይከፈትም። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ገላና ጸያፍ ቃል ባይኖርም ራስን ለማጥፋት መሞከር በሚያስደነግጥ ሁኔታ ተደጋግሞ ይመጣል። በ1954ቱ «ሳብሪና» መጀመሪያ አካባቢ ልጅቷ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መኪኖች ታስነሳለች። በ1940ው «ዘ ሾፕ አራውንድ ዘ ኮርነር» የሱቁ ባለቤት ሚስቱ እንደከዳችው ሲያውቅ ይሞክራል። በ«ሲቲ ላይትስ»ም ከአበባ ሻጯ ትዕይንት ቀጥሎ የሰከረ ሀብታም ወንዝ ዳር ገመድና ድንጋይ ይዞ ይታያል፤ እሱ ግን በቀልድ የተሠራ ስለሆነ ልጆች ሲስቁ ነው የሚያልፉት። የ1960ውን «ዘ አፓርትመንት» ለአዋቂዎች ብቻ አስቀሩት፤ ድንቅ ፊልም ነው፣ ነገር ግን የታሪኩ መሠረት ባለትዳር አለቆች ከውሽሞቻቸው ጋር የሚገናኙበት ቤት ነው። «ሮማን ሆሊዴይ» ላይ ልዕልቲቱ የመጀመሪያ ሲጋራዋን ታጨሳለች፤ ከዚያ የከፋ የለበትም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጎንደር ላይ የሚካሄድ የፍቅር ኮሜዲ እየጻፍኩ ነው። ያነበቡልኝ ሁሉ «ጥሩ ነው፣ ግን አልያዘኝም» ይላሉ።
ከማራኪ

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጀመሪያ እንቅፋቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈው። ከዚያ ጠይቅ፦ ሁለቱ አንድ ጊዜ ስልክ ቢደዋወሉ ይፈታል? ከተፈታ እንቅፋት የለህም፤ አለመግባባት ብቻ ነው ያለህ፣ እሱ ደግሞ ለአንድ ትዕይንት እንጂ ለዘጠና ደቂቃ አይበቃም። አብዛኛው ድርሰት የሚላላው እዚህ ላይ ነው።

እንቅፋቱ ከተገኘ በኋላ የሚታይ ዕቃ ወይም ቦታ ስጠው። ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ሱቆች፣ የአንዱ ዕቃ በተነሳ ቁጥር የሌላው መደርደሪያ የሚነቃነቅ፣ ባለቤቶቹም በዚያው ግድግዳ የሚካሰሱ ቢሆን ሥራ የሚሠራልህ ግድግዳው ነው። በስልክ መልእክት ብቻ የሚዋደዱ ሰዎች ስክሪን ላይ የሚያሳዩት ነገር የላቸውም።

ሽምግልናን አትዝለለው። ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ ሳይቀመጡ ጉዳያቸውን ለመናገር መግደርደሩ፣ የልጅቷ ቤተሰብ ወዲያው «እሺ» ሳይል ቀጠሮ መስጠቱ፣ ተመልሶ መምጣቱ፣ ይህ ሁሉ እየከበደ የሚሄድ ደረጃ ያለው የተዘጋጀ ኮሜዲ ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎቹን መሳለቂያ አታድርጋቸው። ከሦስቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጉዳይ ይኑራቸው፤ አንዱ ከልጅቷ አባት ጋር የቆየ የድንበር ክርክር ቢኖረው ሳቁ ከእውነተኛ ችግር ይመጣል። «ዘ ሾፕ አራውንድ ዘ ኮርነር»ን እንድታየው የምንመክርህ ለዚህ ነው። በስም ሳይተዋወቁ በደብዳቤ የሚዋደዱት ሁለቱ በአንድ ሱቅ ውስጥ ሲናቆሩ ይውላሉ፤ ሱቁን ግን ሕይወት የሚሰጡት ሥራቸውን እንዳያጡ የሚፈሩት ሌሎቹ ሠራተኞች ናቸው።

ርዝመቱን በተመለከተ አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት አንድ ደቂቃ ነው። ሁለቱ እስከ 12ኛው ገጽ ይገናኙ። የፋሲል ግቢን እንደ ፖስትካርድ አሥር ጊዜ ከማሳየት አንድ ጊዜ፣ ታሪኩ ሲፈልገው፣ አስገባው፤ እዚያ ለመቅረጽ ፈቃድ ስለሚያስፈልግም ትዕይንቱን በአንድ ቀን እንዲያልቅ አድርገህ ጻፈው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የሚደረግ ንግግር ካለህ ደግሞ መኪናው ቆሞ እንዲካሄድ አድርገው፤ የሞተሩና የረዳቱ ድምፅ ቃሉን ይውጠዋል፣ ቀልዱም የሚሞተው የመጨረሻዋ ቃል ሳትሰማ ስትቀር ነው።