የእትዬን ምስጢር ልቦለድ ላድርገው?

ጥያቄ፦ ለሥነ ጽሑፍ አምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ያሳደጉኝን አክስቴን መነሻ አድርጌ አንድ ረጅም ልቦለድ ጽፌ ጨርሻለሁ። እትዬ እኔን ያስተማሩኝ ደሴ ውስጥ ጠጅ እየጣሉ ነው። አንድ ምሽት ደንበኞቹ ከተበተኑ በኋላ፣ ገና ወጣት ሳሉ የወለዷትን ሴት ልጅ ለሰው አሳልፈው እንደሰጡ ለእኔ ብቻ ነገሩኝ፤ የልቦለዱ እምብርትም ይኸው ታሪክ ነው። ስማቸውን ለውጫለሁ፣ ከተማውንም ደብረ ብርሃን አድርጌዋለሁ። ሆኖም የአጎቴ ልጅ ረቂቁን አንብቦ ሲመልስልኝ «ይህማ እትዬ ናቸው» አለኝ። የደረሰውን ነገር ከዚህ በላይ ብለውጠው ደግሞ የዋሸሁ እየመሰለኝ ተቸግሬአለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የአጎትዎ ልጅ አክስትዎን የለዩዋቸው በስማቸው አይደለም። ሰው የሚታወቀው በአነጋገሩ፣ ነጠላውን በሚያጣፋበት ሁኔታ፣ ብርሌ ሲያቀርብ ጣል በሚያደርጋት ቃል ነው፤ እርስዎም እነዚህን ሁሉ እንዳሉ ትተው ስሙንና ከተማውን ብቻ የቀየሩ ይመስለኛል።

በእኛ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እውነተኛ ሰዎችን ወደ ልቦለድ በማስገባት ስሙ ቶሎ የሚነሣው በዓሉ ግርማ ነው። «ደራሲው» የተባለው ልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲራክ ከጸሐፊው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር እንደተቀዳ በሰፊው ይነገራል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ አንባቢ በመጽሐፉ ውስጥ ስብሐትን ሲፈልግ ሲራክን ሳያገኘው ይቀራል ብዬ አምናለሁ። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ ደግሞ የዘመኑ ባለሥልጣናት በገጾቹ ውስጥ ራሳቸውን አዩ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣም ሳይመለስ ቀረ። ይህን የማነሣው የእርስዎን ድፍረት ከእሱ ጋር ለማስተካከል አይደለም። እሱ የጻፈው በአደባባይ ሥልጣን ስለያዙና የአገር ጉዳይ በእጃቸው ስለነበረ ሰዎች ነው። እትዬ ግን ለአደባባይ ያሉት ነገር የለም፤ በሌሊት፣ ለሚያምኑት ልጅ ብቻ ነው የተናገሩት። ምስጢሩ ደግሞ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ያቺ ልጅ በሕይወት ካለች ዛሬ መጽሐፍ ገዝታ የምታነብ ትልቅ ሴት ናት።

ስለ ሕጉ ብዙ አልልም፤ ጠበቃ አይደለሁም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044 በሕይወት ያለን ሰው በጽሑፍ የተጠላ፣ የተናቀ ወይም መሳቂያ አድርጎ ስሙን አደጋ ላይ መጣልን ጥፋት ይለዋል፤ ስም መቀየር ብቻውን ከዚህ ያድናል ብዬ አላስብም።

«ብለውጠው የዋሸሁ ይመስለኛል» ያሉትን ግን በቀላሉ አላልፈውም። ረቂቅ ሳነብ አንድ ትዕይንት አላሳምን ሲለኝ ደራሲውን እጠይቃለሁ፤ መልሱ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ «ደርሷል እኮ!» ነው። ደርሶ ይሆናል፤ ገጹ ላይ ግን ገና አልደረሰም። እርስዎን እንዲጽፉ የገፋፋዎት ልጅ ለሰው መሰጠቷ ነው ወይስ የራሷን አሳልፋ የሰጠች ሴት የሌላ ሰው ልጅ፣ ማለትም እርስዎን፣ ማሳደጓ? ሁለተኛው ከሆነ፣ ጠጅ ቤቱም ሆነ ያ ምሽት የግድ አያስፈልጉዎትም። ሴትየዋን ልብስ ሰፊ ያድርጓትና ይሞክሩት። ሙያዋ ሲለወጥ ከእንቅልፏ የምትነሣበት ሰዓት፣ በሯን የሚያንኳኳው ሰው፣ የምትፈራው ነገር ሁሉ አብሮ ይለወጣል፤ አክስትዎ ፈጽሞ ተመኝተውት የማያውቁትን ነገር መመኘት ስትጀምር ገጸ ባሕርይዋ የእርስዎ ሆናለች ማለት ነው። የእትዬን አነጋገር ለእሷ ከመስጠት ግን ይቆጠቡ፤ አስቸጋሪው ይኼ ነው፣ ምክንያቱም ከረቂቁ ሁሉ የሚጣፍጠው ክፍል እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ምስጢሩን እንዳለ ማስቀረት ከፈለጉ የሚፈቅዱልዎት እሳቸው ብቻ ናቸው። ረቂቁን ማተሚያ ቤት ከማድረስዎ በፊት ደሴ ይውሰዱትና ቤቱ ጭር በሚልበት ሰዓት ራስዎ ያንብቡላቸው፤ እምቢ ካሉ ያ ምዕራፍ ይወጣል። የአጎትዎ ልጅም ረቂቁን በማንበባቸው ምስጢሩን አሁን እንደሚያውቁ፣ ከማንበብዎ አስቀድመው ይንገሯቸው።