ስለ ጠፍጣፋ ፔዳል ቅየራ፦ ጥያቄና መልስ

ፔርኖ፦ ስለ ጠፍጣፋ ፔዳል ጠይቁ። ግን መጀመሪያ ክራንካችሁን (ፔዳሉ የሚገጠምበትን ክንድ) እዩት፤ "ብስክሌቴ ሰማያዊ ናት" ብሎ ለሚጽፍልኝ መልስ የለኝም።

አዲስ ጋላቢ፦ ለእኔ የሚሆነው የትኛው ነው?

ፔርኖ፦ አሁን ምን አልኩ? ክራንኩ ከቀኝ እስከ ግራ አንድ ወጥ የታጠፈ ብረት ከሆነ (የልጆች ብስክሌት ላይ ይበዛል) ቀዳዳው ግማሽ ኢንች ነው፣ 12.7 ሚሊሜትር። ሁለቱ ክንዶች ለየብቻ የተገጠሙ ከሆኑ 9/16 ኢንች፣ 14.3 ሚሊሜትር ገደማ። ቀጭኑን ሰፊው ውስጥ ብትከቱት ሳይይዝ ዘው ይላል፤ ወፍራሙን ጠባቡ ውስጥ በጉልበት የሚሞክር ደግሞ ክራንክ ይግዛ።

ዳገቱ፦ የግራው አልፈታ አለ። ቁልፉ ላይ ቱቦ ብጨምርም ጭራሽ ባሰበት።

ፔርኖ፦ እያጠበቅኸው ነዋ! የግራው ፊሌቶ (የብሎን ጥርሱ) የተገላቢጦሽ ነው። "ቀኝ፣ ግራ" እያልክ አትደናገር፤ የቁልፉን እጀታ ሽቅብ አቁመው። ወደ ፊት ጎማ ከገፋኸው ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ ጎማ ከሳብከው ይላላል። ለሁለቱም ጎን ይሠራል። በ15 ሚሊሜትር ቁልፍ ከውጭ ብትይዘው፣ በ6 ወይም በ8 ኤለን (ባለስድስት ጎን ቁልፍ) ከክራንኩ ጀርባ ብትገባበት ያው ነው። ሰንሰለቱን ትልቁ የፊት ጥርስ ላይ አውጣው፤ ቁልፉ ድንገት ሲለቅ ጣትህ የሚያርፈው እዚያ ነው። አሁንም እምቢ ካለ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ከጀርባ አንጠባጥብና አሳድረው።

ብረት ለበስ፦ ተገላቢጦሽ የሆነው የኩሽኔቱ (ፔዳሉን በዘንጉ ላይ የሚያዞረው) ሰበቃ እንዳይፈታው ነው።

ፔርኖ፦ አይደለም፤ ይቺ ላይ ሁሉም ይሳሳታል። ሰበቃውማ ቢሆን የቀኙን ወደ መፍቻው ነው የሚጎትተው። እርሳስ በጨበጣችሁት ጣት መሃል ላላ አድርጋችሁ ያዙና ጫፉን በሌላው እጅ ክብ እያደረጋችሁ አሽከርክሩት። እርሳሱ በራሱ ዙሪያ በተቃራኒው አቅጣጫ ይንከባለላል። ፔርኖውም (የፔዳሉ ዘንግ) ቀዳዳው ውስጥ ያለችው ጥቂት ክፍተት ትበቃዋለች፤ የእግራችሁ ጫና በየዙሩ ቦታ ሲቀይር እንዲሁ ይንከባለላል። ጉልበቱ ከኩሽኔቱ ሰበቃ ይበልጣል። የግራው ቀጥ ያለ ፊሌቶ ቢኖረው እየተነዳ ይፈታ ነበር።

ብረት ለበስ፦ እሺ። ናይለን ግን ፕላስቲክ ነው፣ አሉሚኒየም ግዙ።

ዳገቱ፦ ናይለን ድንጋይ ሲመታ ይንሸራተታል፣ አሉሚኒየም ይጎደጎዳል። ዋጋውም ቅናሽ ነው።

ብረት ለበስ፦ ፒኑ (ጫማ የሚይዘው ሹል) የሚይዝበት ሲላላስ?

ዳገቱ፦ ለዚያ እኮ ነው ዳዶ ያለው ፒን የሚመረጠው!

ፔርኖ፦ ሁለታችሁም ተዉ። ፔዳል የሚያረጀው በኩሽኔቱ ነው። ገላው ምንም ይሁን፣ ፔርኖው የብረት፣ ኩሽኔቱ የሚቀየር ይሁን። ስፋቱ 100 በ100 ሚሊሜትር አካባቢ፤ ትልቅ እግር ያለው ጥቂት ይጨምር። ከዚያ ከሰፋ ኩርባ ላይ ስትጋደሉ መሬት ይነካል፤ ለዚህ ነው ቀጭን ፔዳል የሚፈለገው። መሃሉ ከዳሩ ዝቅ ያለ ከሆነ እግር ይቀመጥበታል። ፒን በየገጹ 8 እስከ 10፣ ከታች በኩል የሚፈታ ቢሆን ይመረጣል፤ ራሱ ቢደፈጠጥም ከጀርባ ይወጣል።

ጎማው፦ ጥቁር ነው ቀይ የሚሻለው?

ፔርኖ፦ ቀጣይ።

አዲስ ጋላቢ፦ መግጠሙስ?

ፔርኖ፦ የክራንኩን ፊሌቶ በጨርቅ ጥረጉ፣ የፔዳሉን ፊሌቶ ግራሶ ቀቡ። ፔዳሉ ላይ ኤል ካለ የግራ፣ አር ካለ የቀኝ። በእጅ ጀምሩ። በቁልፍ አትጀምሩ። ሦስት አራት ዙር በጣት ካልገባ ጠማማ ነው፤ አውጡና እንደገና። የክራንኩ አሉሚኒየም ለስላሳ፣ ፔርኖው ብረት፤ ቁልፍ ከያዛችሁ ፔዳሉ አዲስ ጥርስ እየቆረጠ ይገባል፣ አይሰማችሁም። መጨረሻ ላይ 35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር፤ በ20 ሳንቲሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 18 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ደግማችሁ ፈትሹ።

ቀዩ ሰድል፦ ስረግጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። ፔዳሉ ነው?

ፔርኖ፦ በአንድ እግር፣ ኋላም በሌላው ብቻ ርገጥ። በአንዱ ብቻ ከጮኸ የዚያን ጎን ፔዳል ፍታ፣ ግራሶ ቀብተህ መልሰው። አሁንም ካለ የክራንኩ ቡሎን ነው።

ጎማው፦ ግራሶ ግን የግድ ነው?

ፔርኖ፦ ኧረ በእግዜር! አዎ። ካልቀባችሁ ብረቱና አሉሚኒየሙ ተጣብቀው ዳገቱ ላይ የደረሰው ይደርስባችኋል።

ዳገቱ፦ የእኔማ አልተጣበቀም፤ አቅጣጫው ነው!

ብረት ለበስ፦ የቀኙ በቁልፍ ተጀምሮ ሁለት ጥርስ ከተበላስ?

ፔርኖ፦ ከክራንኩ ጀርባ በትክክለኛው ጥርስ ማውጫ መስመሩን አስይዘው፤ ከኋላ ያለው ጥርስ አልተነካም፣ እሱ ይመራሃል። ከግማሽ በላይ ከሄደ በማስገቢያ ቀለበት ይታደሳል፣ አለዚያ ክንዱ ይቀየር። እና በእጅ...

አዲስ ጋላቢ፦ በእጅ ጀምሩ፤ ሰምተናል።